ይድረስ ለእናቴ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ «ከእሳቱ ይጠብቅህ» ብለሽ መረቅሽኝ። አሜን ብያለሁ። ግን ያላልኩሽ ነገር አለ። በስልክ ብጀምረው ታለቅሻለሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

እዚህ አሜሪካ ብዙ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሚገድላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ልባቸው ነው። በ2007 የወጣ ጥናት በሥራ ላይ ከሞቱት 45 በመቶ ያህሉ በልብ ሕመም መሞታቸውን አሳይቷል። ሌሊት ደወሉ ከሞቀ እንቅልፍ ያስነሳናል። ልብ በአንዴ መደለቅ ይጀምራል። ከ20 ኪሎ በላይ ልብስና ዕቃ ተሸክመን፣ በዚያ ሙቀት ደረጃ እንወጣለን። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። የደም ቧንቧው ሳይታወቅ የጠበበበት ሰው ግን እዚያው ሊወድቅ ይችላል።

መጋቢት ላይ ደሜን መረመሩኝ። ሲአርፒ የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ እንደሚቀላው ሁሉ የደም ቧንቧም ከውስጥ ይቆጣል፤ ግን አያምም። ከ1 በታች ጥሩ ነው፤ ከ3 በላይ ያሰጋል። የእኔ 4.2 ነበር። ጉንፋንም ከፍ ስለሚያደርገው ቆይተው ደገሙት፤ 3.6። በጣም ደነገጥኩ።

ከዚያ ወዲህ እሮጣለሁ። ኢንዲያና ውስጥ ባልደረቦቻችንን 10 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ከ40 በላይ ፑሽ አፕ የሚሠሩት ከ10 በታች ከሚሠሩት ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ አግኝተዋል። እኔ በ18 ፑሽ አፕ ጀመርኩ፤ አሁን 33 ደርሻለሁ። ቦርጬም ጠፍቷል። ሰሞኑን ሲአርፒውን ሲለኩኝ 1.9 ሆነ።

ግን ሐኪሟ አንድ ነገር ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። «አባትህ በምን ሞተ?» ዕድሜውን ነገርኳት፤ 51። በምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ደክሞት ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ» ብቻ ነው ያላችሁኝ። አባት ከ55 ዓመቱ በፊት በልብ ከታመመ የልጁም ስጋት ይጨምራል።

እማዬ፣ ማንሳቱ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ደረቱን ይይዝ ነበር? ግራ እጁን ያመው ነበር? ዳገት ሲወጣ ቆም ይል ነበር? እሁድ በናንተ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ብታለቅሺም ግድ የለም፣ ስልኩን አልዘጋም።

ልጅሽ