ዋይፋይና ሞባይል ዳታ አብረው ሲበሩ ታብሌታችሁ የትኛውን ይጠቀማል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሲም ካርድ የሚቀበል ታብሌት የያዛችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ታነሳላችሁ። ዋይፋዩንም ዳታውንም አንድ ላይ ካበራነው ኢንተርኔቱ ይፈጥናል ወይ? ሌሎቻችሁ ደግሞ ተበሳጭታችሁ ትመጣላችሁ። ዋይፋይ ላይ ሆነን ዳታችን እንዴት አለቀ? የሁለቱ ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

ፍጥነቱ አይደመርም። ሁለቱም ቢበሩ ታብሌቱ ለኢንተርኔት የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። ሁለት በር ካለው ቤት የሚወጣ ሰው በአንዱ በር ነው የሚወጣው። ቅድሚያ የሚያገኘው ዋይፋዩ ነው፤ ዳታው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ዋይፋዩ ደህና እስከሆነ ድረስ ዳታውን አብርቶ መተው ያን ያህል አያስከፍላችሁም።

ጉዱ የሚመጣው ዋይፋዩ ሲደክም ነው። አይፓድ ላይ ዋይፋይ አሲስት የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአይኦኤስ 9 (የአፕል መሣሪያዎች ሶፍትዌር) ጋር የመጣ ሲሆን፣ እናንተ ካላጠፋችሁት በርቶ ነው የሚቆየው። ዋይፋዩ እንደተያያዘ ሆኖ ገጽ መክፈት ሲያቅተው፣ አይፓዱ ሳይጠይቃችሁ ወደ ዳታ ይሻገራል። ሮሚንግ ላይ (በሌላ ኩባንያ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ ውጭ አገር) ስትሆኑ ግን አይሻገርም። ከጀርባ ለሚሠሩ አፖችም አያገለግልም። ለማጥፋት ሴቲንግ ውስጥ ሴሉላር ዳታ የሚለውን ክፈቱና እስከ መጨረሻው ውረዱ። በዚህ መንገድ ምን ያህል ዳታ እንደሄደባችሁም እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን ቁጥር ሳታዩ ማንንም አትውቀሱ!

አንድሮይድ ታብሌቶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ ስሙና ቦታው ግን እንደ አምራቹ ይለያያል። ዋይፋዩ ሲደክም ወደ ሞባይል ዳታ ቀይር የሚል ምርጫ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉ።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው። ዳታችሁ በጥቅል የሚገዛና የሚያልቅ ከሆነ ይህን ወደ ዳታ የሚያሻግር ምርጫ አጥፉት። ሥራችሁ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ተውት፤ ከተቋረጠ ስብሰባ የተወሰነ ዳታ ማጣት ይሻላል። እርግጥ መሻገሩ ራሱ ስብሰባውን ለጥቂት ሰከንድ ሊያቆመው ይችላል። ታብሌቱ ኔትወርክ ሲቀይር የአይፒ አድራሻውም (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይቀየራል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር (ገጹን ወይም ፋይሉን የሚልክላችሁ ኮምፒውተር) አዲስ እንግዳ የመጣ ይመስለዋል፤ ግንኙነቱም እንደገና መጀመር አለበት። ማውረድ የጀመራችሁት ፋይል መሀል ላይ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ግንኙነት የሚያስተሳስር ቴክኖሎጂ የለም ማለታችን ግን አይደለም። መልቲፓዝ ቲሲፒ ይባላል። አፕል ሲሪ ለሚባለው የድምፅ ረዳቱ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ሰርቨሩም ይህን መቀበል አለበት፤ አፑም ለዚህ ተብሎ መሠራት አለበት። ስለዚህ እናንተ ሴቲንግ ገብታችሁ ለሁሉም አፕ የምታበሩት ነገር አይደለም። ሁለቱን ደምሮ ፍጥነቱን እጥፍ አደርጋለሁ የሚል አፕ ካያችሁ፣ ከማውረዳችሁ በፊት ኢንተርኔታችሁን በማን ሰርቨር በኩል እንደሚያሳልፍ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ዳታ ወደሚበላው ነገር እንምጣ። ሲም የማይቀበል ታብሌት ይዛችሁ ከስልካችሁ ሆትስፖት ስትከፍቱ፣ ታብሌቱ የሚያየው ዋይፋይ ነው። ገደብ እንዳለው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አፕዴት ያወርዳል፣ ፎቶዎቻችሁን ወደ ክላውድ ይጭናል፣ ቪዲዮውንም በከፍተኛ ጥራት ያሳያችኋል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ብቻውን በሰዓት 3 ጊጋባይት ያህል ሊፈጅ ይችላል። እባካችሁ ይህን አሁኑኑ አስተካክሉ። አይፓድ ላይ የሆትስፖቱን ስም አጠገብ ያለውን የ«i» ምልክት ነክታችሁ ሎው ዳታ ሞድ (ዳታ ቆጣቢ) የሚለውን አብሩ። አንድሮይድ ላይ በዚያው ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠር) የሚለውን ምረጡ። አንዴ ካደረጋችሁት ታብሌቱ ያንን ሆትስፖት በስሙ ያስታውሰዋል።

ሁለቱም በእርግጥ አብረው የሚያስፈልጉበት ጊዜም አለ። ፕሪንተር ወይም ካሜራ በራሱ ዋይፋይ ሲገናኝ ያ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም። አንድሮይድ በዚህ ጊዜ ኢንተርኔት የለም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ቀጥል በሉት። ፎቶው በዋይፋዩ ይመጣል፣ ኢሜይሉ በዳታው ይሄዳል። ቸኩላችሁ አይሆንም ካላችሁ ግን ዋይፋዩን ይለቀዋል፤ ፕሪንተሩም የተበላሸ ይመስላችኋል። ለጥገና ከመጡልን ፕሪንተሮች መካከል ምንም ያልሆኑ አሉ፤ ስለዚህ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍላችን