ፓራፋንጎውን ፈትተህ ቀባው

ጎንደር፣ ኅዳር

ውድ ወንድሜ አዲሱ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንዲህ ተጠፋፍተን መክረማችን አያምርብንም፤ መወቃቀሱን ግን ለጥምቀት ስትመጣ እናደርሰዋለን። የአባባን ቮልስ ልታስቀባት ማሰብህን እህትህ ስትነግረኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አታስቀባት። ጣሪያውና በሮቹ ደህና ናቸው፤ የተበሉት የፊት ፓራፋንጎዎች (የጎማ ሽፋኖቹ) እና ኮፈኑ ናቸው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብየዳ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ወርዶ ለብቻው ይቀባል። አዲሱና አሮጌው ቀለም የሚገናኙት በፓራፋንጎውና በመኪናዋ አካል መሃል በተጠቀጠቀችው ቀጭን የጎማ ክር ላይ ነው፤ ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ ዓይን አይይዘውም። ብሎኖቹ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ከመፍታትህ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ዝገት አላቃቂ ዘይት አጠጣቸው። አልላቀቅ ያለውን በኃይል አትታገለው፤ ውስጥ የተበየደው ዳዶ ከተሽከረከረ ላሜራ መቁረጥ ይመጣል።

ቀለም ከመግዛትህ በፊት ከሥር ያለውን እወቅ። እዚህ አገር በናይትሮ (በቲነር በሚሟሟው የድሮ ቀለም) ያልተደራረበች አሮጌ መኪና ጥቂት ናት። ጨርቅ በናይትሮ ቲነር ነክረህ ቀለሙ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያዘው። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከተነሣ ናይትሮ ነው። በዚያ ላይ የዛሬውን ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት ቀለም ብትረጭ ቲነሩ የታችኛውን ያሳብጠውና እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል። ያኔ ቀለሙን እስከ ላሜራው ማውረድ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ካልተነካ ግን በ320 ብርጭቆ ወረቀት አሻክረህ መቀጠል ትችላለህ።

ላሜራው ከተራቆተ በ80 አሻክረው፣ በቅባት ማስለቀቂያ በደንብ ጥረገው፣ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (የሥር ቀለም) አልብሰው። ጉድጓድ የሚሞላው እስቱኮ ከኢፖክሲው በላይ ነው የሚመጣው። ቀቢዎቻችን ባዶ ላሜራ ላይ መለጠፍ ይወዳሉ፤ እስቱኮ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ዝገቱም ከሥር ጀምሮ ከክረምት በኋላ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አሲድ ያለበት ፕራይመር ላይም እስቱኮ አታስቀምጥ፤ አይያያዙም። እስቱኮውን በ80 ከዚያም በ180 አስተካክል፣ ፊለር (የሚረጭ ወፍራም መሙያ) ሁለት ጊዜ ርጭ፣ ሲደርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ በትንበት። በ400 ስትፍቀው ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ነው። መጨረሻውን በ800 በውሃ።

ቀለሙን በፋብሪካ ቁጥሩ ብቻ አታስቀምም፣ ፀሐይ አደብዝዞታል። በሩን በፖሊሽ አጽዳና በጸዳው ቦታ ይመሳሰል። ክሊር (ቀለም አልባ ማብረቂያ) አታስደርብበት፤ የዚያ ዘመን ነጭ በክሊር ሲሸፈን ፕላስቲክ ይመስላል። አንድ ሊትር ቀለም ለሦስቱም ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ሃርድነር ሆኖ 10 በመቶ ያህል ቲነር ይገባበታል፤ ጣሳው ላይ ሌላ ከተጻፈ የጣሳውን ስማ። የመርጫው አፍ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ለፊለሩ ግን ከ1.6 አይነስ።

ሥራውን እዚህ ጎንደር ስትሠራው ደግሞ፣ እኛ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቲነሩ ቶሎ ይተናል። ፈጣን ቲነር ካደረግህ ቀለሙ ሳይተኛ ደርቆ አሸዋ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ምረጥ። ኮምፕሬሰሩም የሚገፋው አየር ይቀንሳልና ትንሹን አትከራይ፤ የውሃ ማጣሪያውን አትርሳ። በጥር የጠዋቱ ላሜራ ቀዝቃዛ ነው፣ ጤዛም ይይዛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምር፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፍ፣ በሁለቱ ርጭት መሃል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ክብ ክብ ጉድጓድ ካወጣ ቅባት ቀርቷል ማለት ነው፤ በላዩ እየረጨህ አትደብቀው፣ ይድረቅና ይፋቅ።

በጨርቅ ጭንብል እንዳትሞክረው! ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶስያኔት ለዘለቄታው አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ በሚጎዳ መጠን እያለም ሽታው ላይሰማ ስለሚችል የማጣሪያው ማለቅ እንኳ አይታወቅህም። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭንብል ነው። ካልተገኘ አንተ አዘጋጅና ርጭቱን ጭንብሉ ላለው ቀቢ ተወው።

ሃርድነሩን ያልተከፈተ ጣሳ ይዘህ ና፤ እርጥበት የነካው አይሠራም። በፓራፋንጎው መሃል የሚገቡትን የጎማ ክሮችም አዲስ ግዛ፣ የድሮዎቹ ሲፈቱ ይቀደዳሉ።

ያንተው፣
ሙሌ