የድጋፍ ጥሪ፦ ልጆቹን መንገድ ላይ አንተዋቸው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ያላችሁም። እንደገና እኛው ነን፣ ለቤተሰብ ምክር የሚሰጡ ሶሻል ወርከሮችን (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችን) ከራሳችን መሃል የምናስተምረው የማኅበሩ ኮሚቴ። የኮሚቴውን መልእክት ስታዩ ስልኩን ገልበጥ አድርጋችሁ የምታስቀምጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፣ እኔም የሌላ ኮሚቴ ሲሆን አደርገዋለሁ።

የፌብሩዋሪው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት በበረዶ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ወጡ ተሠርቶ፣ እንጀራው ተጋግሮ አልቆ ነበር። እሱስ በየቤቱ ተከፋፍሎ ተበላ። የአዳራሹ ቀብድ 1,200 ዶላር ግን አልተመለሰም። ውሉን በደንብ ያላነበብነው እኛ ነን፣ ይቅርታ። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። በየወሩ 25 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ እጁን ካወጣው 60 ሰው አሁን የሚከፍለው 19 ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» የሚለውን ስብሰባው ላይ ያልተረተ የለም፤ ሎሚው ግን አልመጣም።

ለምን እንደጀመርነው መድገም አልነበረብኝም። ያቺ የ11 ዓመት ልጅ ግን ከአእምሮዬ አትጠፋም። እናትና አባቷ ምክር ፈልገው ሄዱ፣ አማርኛ የሚችል ባለሙያ አልተገኘም፣ የስልክ አስተርጓሚው መስመር ተቋረጠ፣ ልጅቷ መሃላቸው ተቀምጣ ማስተርጎም ጀመረች። አባት እናትን አንድ ነገር ተናገራት። ባለሙያዋ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ እያደረገች «ደክሞኛል ነው ያለው» አለች። እንደዛ አልነበረም ያለው።

ከራሳችን መሃል በሶሻል ወርክ ማስተርስ የሚማሩ፣ በጋብቻና በቤተሰብ ቴራፒ ላይ የሚያተኩሩ ልጆች እናስተምር ያልነው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም አድርገነዋል! አንዷ ተመርቃለች። አሁን እየሠራች ሜሪላንድ ለክሊኒካል ላይሰንስ (ራስን ችሎ ለማከም ለሚያስችለው ፈቃድ) የሚጠይቀውን 3,000 ሰዓት በሱፐርቫይዘር ሥር እየሞላች ነው፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው። ሁለተኛዋ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት። ሦስተኛው ወንድ ነው (ባሎች «ወንድ የለም ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ነበር፣ ይኸው)፣ ትምህርት ቤት ተቀብሎታል፣ በፎል ይጀምራል። የሚከፈለው ከተገኘ ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ነው የተያዝነው። አንደኛ፣ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የፊልድ ልምምድ አለው፣ የሁለተኛዋ ልጃችን ልምምድ ደግሞ ክፍያ የለውም። ቀን ሰው ስታዳምጥ ትውልና ማታ ኡበር ትነዳለች። ባለፈው ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ይዟት የኋላው መኪና በጥሩምባ እንደቀሰቀሳት ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሁለተኛ፣ የፌዴራል ብድሩ ተቀይሯል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆነ የማስተርስ ተማሪ የቀረውን ወጪ ይሸፍን የነበረውን ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር አያገኝም፣ ከሌላው ብድር የሚፈቀድለትም በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ክፍያው፣ የቤት ኪራዩ፣ መጽሐፉ ከዚያ ሲያልፍ ወይ ከባንክ በትልቅ ወለድ መበደር ነው፣ ወይ መተው። ሦስተኛው ልጃችን እዚህ ላይ ቆሟል።

የሚያስፈልገን 9,400 ዶላር ነው። 6,000 ለእሱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ጉድለት፣ 3,400 ለእሷ፣ ማታ መንዳቱን ትታ ፊልዷን እንድትጨርስ። በዜል ነው የምትልኩት፣ አድራሻው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ከላይ ተሰክቷል፣ አልተቀየረም። ማስታወሻው ላይ «ለተማሪዎች» በሉበት።

አሁን ስለ ወጪው። ሐሜቱ ደርሶናል፣ ፊት ለፊት ቢባል ደስ ይለን ነበር።

«ለጫጫታ ማሽን 45 ዶላር አወጡ» የተባለው እውነት ነው። ማኅበሩ ውስጥ ለምክር የሰጠናት ክፍል በሯ ስስ ነው፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ቡና የምንጠጣበት ወንበር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት ክፍሉ ውስጥ ማልቀስ ስትጀምር ውጭ ያለው ጨዋታ ቀጥ አለ። ሁላችንም ስኒያችንን ይዘን ዝም። ሴትዮዋ ተመልሳ አልመጣችም። ማሽኗ በሩ ሥር ሆና ሹ... የሚል ድምፅ ታሰማለች፣ በቃ፣ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። በኔ ግምት ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ እንደሷ የሠራ የለም። ገመና ነው የምንጠብቀው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው በሚያውቅበት ሰፈር።

ለሱፐርቪዥን የተከፈለው 1,800 ደግሞ ለተመራቂዋ ነው። መሥሪያ ቤቷ ላይሰንስ የሚያሰጥ ሱፐርቫይዘር አልነበረውም፣ ከውጭ በሰዓት ተከፈለ። ደረሰኙ አለ፣ እሁድ እሁድ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም ማየት ይችላል። እስካሁን ያየው አንድ ሰው ነው፣ እሱም የኮሚቴው አባል ነው።

«ለምን በቀጥታ የጋብቻ ቴራፒ ብቻ የሚሰጥ ዲግሪ አይማሩም?» ላላችሁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያም መንገድ አለ፣ የራሱ ላይሰንስም አለው። እኛ ሶሻል ወርክን የመረጥነው እኛ ሰፈር የባልና ሚስት ጠብ ብቻውን ስለማይመጣ ነው። ከኪራዩ ጋር፣ ከኢሚግሬሽን ወረቀቱ ጋር፣ አገር ቤት ከሚላከው ገንዘብ ጋር ነው የሚመጣው። ሶሻል ወርከር ይሄንንም ይዞ ይሠራል። ቤተሰብን አንድ ላይ አስቀምጦ ማከም ለሙያውም እንግዳ አይደለም፣ ከጀማሪዎቹ አንዷ ቨርጂኒያ ሳቲር ራሷ ሶሻል ወርከር ነበረች። መሬይ ቦወን የሚባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈውን ነገር ያጠናው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው።

የምትማረዋ ልጅ ጄኖግራም የሚባል የቤተሰብ ዝምድና ሥዕል የቤት ሥራ ተሰጣት። ወንዱ ካሬ፣ ሴቷ ክብ፣ ቢያንስ ሦስት ትውልድ። እናቷን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስትሥል እናት አየት አርገው «ይሄማ ዘር መቁጠር ነው፣ እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረውን ነው በዶላር የሚያስተምሩሽ?» አሉ። ትንሽ ቆዩና ጣታቸውን በሁለት ጭረት የተቆረጠች መስመር ላይ (ግንኙነት ተቋርጧል ማለት ነው) አሳረፉ። «ይቺስ?» ልጅቷ «አንቺና አጎቴ» አለቻት። እናት ተነሥተው ጀበናውን ማጠብ ጀመሩ። በሳምንቱ ወንድማቸውን ሳይደውሉለት አልቀሩም።

ሽማግሌ እያለ ይሄ ለምን የምትሉ አባቶች፣ እኔም ስንት ቤት ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ግን ሽማግሌው የባልየው ክርስትና አባት ከሆነ ሚስት ምን ትናገራለች? ዱላ ያለበት ቤት ሲሆን ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገሩ ራሱ አደጋ ነው። የተማረ ሰው መጀመሪያ ለየብቻ ይጠይቃል። እኛ ይሄን አናውቅም ነበር፣ «ተሳሳሙ» ብለን ሸኝተናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

እድር ለሞት እንከፍላለን፣ አንድም ወር አናሳልፍም። ለቆመ ትዳር 25 ዶላር ሲባል ነው እጅ የሚያጥረን። አሥራት ብላችሁ ስጡት፣ ሰደቃ ብላችሁ ስጡት። የማትችሉ ደግሞ ኡበር ለምትነዳዋ ልጃችን አንድ ማታ ምግብ አድርሱላት፣ እሱም ገንዘብ ነው። ቃል ገብታችሁ ያቋረጣችሁ ያለፈውን አንጠይቃችሁም፣ ከዚህ ወር ጀምሩ።

የምዝገባ ክፍያው ኦገስት ከመግባቱ በፊት መከፈል አለበት። ዜል፣ ግሩፑ ላይ ከላይ የተሰካው አድራሻ፣ ማስታወሻው «ለተማሪዎች»። ቼክ ከሆነ በማኅበሩ ስም ጻፉት፣ በሰው ስም አይሁን። ጥሬ ገንዘብ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ስልክ ደውሎ «የኮሚቴው አባል ነኝ፣ በዚህ ላኩልኝ» የሚል ካለ እኛ አይደለንም። ዜል ላይ የሚወጣው ስም የማኅበሩ ካልሆነ አትላኩ፣ መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ጠይቁን።