ሦስተኛዋ ብሎን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ሻል እንዳላት በስልክ ነግራኛለች፤ ግን እሷ መቼም «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ስለማታውቅ ከእርስዎ ብሰማው ይሻለኛል።

ይህን የምጽፈው ስለ ሞተርሆሟ፣ ማለት ቤት ስለተሠራባት መኪናችሁ፣ በር ነው። በስልክ እንዳላነሳው፣ ገና «በሩ» ስል «ተወው፣ ለምጄዋለሁ» ብለው ወሬውን ይለውጡብኛል። መልመድዎን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው የመጣሁ ጊዜ ማታ ዕቃ ሳወርድ፣ እርስዎ በሩን ሲዘጉ ቆሜ ተመለከትኩ። በቀኝ መዳፍዎ እጀታውን ከሥር ደገፉት፤ በጫማዎ ጫፍ የበሩን ታች ቀና አደረጉት፤ ትንፋሽዎን ዋጥ አድርገው በትከሻ ገፋ አደረጉት። በሩ «ሲጥጥጥ» ብሎ ገባ። እርስዎም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ገብተው ተቀመጡ። እንዲህ ያለው ጥበብ በአንድ ቀን አይለመድም፤ ወራት ሳይፈጅብዎ አይቀርም።

አባባ፣ ያ በር እንዲህ የሆነው በእኔ ነው።

ለጉዞ ልትነሱ አንድ ሌሊት ሲቀራችሁ «በሩ ይጮኻል» ብለውኝ ነበር፤ ያስታውሱ እንደሆነ። እኔም ቸኩዬ ነበር። ከመኪናዬ ደብሊውዲ-40 አምጥቼ ሁለቱም ማጠፊያዎች እስኪንጠባጠቡ ነፋሁባቸው። ድምፁ ጠፋ፤ መረቁኝም። ያ ፈሳሽ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲቀመም የታሰበው ውሃን ከብረት ላይ አባርሮ ዝገት እንዲከላከል ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛ «ውሃ ማባረር፣ 40ኛው ሙከራ» ለማለት ያጠረ ነው። የዛገ ብሎን ለማላቀቅና ቆሻሻ ለማጠብ ጎበዝ ነው። ግን አብዛኛው ተኖ ይጠፋል፤ የሚተወው ቅባት ስስ ስለሆነ የበር ክብደት በሚሸከም ፒን፣ ማለት ማጠፊያው በሚዞርበት ዘንግ ላይ ብዙ አይቆይም። ቀድሞ የነበረውንም አሮጌ ግሪስ እኔው አጥቤ አስወጣሁት። ጩኸቱ ብሶበት ቢመለስ ምን ይገርማል?

እሱስ ይሁን። የባሰው ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። የላይኛው ማጠፊያ ላላ ብሎ ስላየሁት ብሎኖቹን በኤሌክትሪክ ካቻቪቴ ማጥበቅ ጀመርኩ። አንደኛዋ ያዘች። ሁለተኛዋ ያዘች። ሦስተኛዋ ጠበቅ አለችና ወዲያው ቀለል ብላ ዝም ብላ ትዞር ጀመር። እጅ ላይ ይታወቃል፤ እንጨቱን በላችው። ጭንቅላቷ ግን ልክ ቦታዋ ላይ ስለተቀመጠ ለሚያያት ደህና ትመስላለች። ልነግርዎ አሰብኩ፣ ከዚያ እራት ቀረበ። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም፤ አፈርኩ። ይኸው እርስዎ ሲያነሱት የከረሙት በር ያቺ አንዲት ብሎን የተወችውን ሸክም ነው።

አሁን ወደ ጥገናው ልለፍ። ማጠፊያውን ከመንካትዎ በፊት ግን መኪናዋ የቆመችበትን ይዩ። «አንዳንድ ቀን ራሱ ይዘጋል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል» ብለውኝ ነበር። የተበላ ማጠፊያ ቀን አይመርጥም። ሞተርሆም ሻንሲ ላይ የተጫነ ቀላል ቤት ነው፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አካሉ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ የበሩም ፍሬም አብሮ ይጋደላል። ውሃ ልኩን መጀመሪያ ወለሉ ላይ በቁመትም በአግድምም ያስቀምጡት። ካዘነበለች ጎማዎቹን መወጣጫ ላይ አውጥተው ያስተካክሏት። በአራቱ ማዕዘን ያሉትን እግሮች ከዚያ በኋላ ያውርዷቸው፤ መሬቱን ጠበቅ አድርገው ይንኩ፣ ይበቃል። በእነሱ መኪናዋን ማንሳት እንደማይገባ ያውቃሉ፤ ግን ባለፈው የኋላው ቀኝ እግር እንደ ክሪክ ጎማውን ከመሬት ሊያላቅቅ ምንም ሳይቀረው አግኝቼዋለሁና ሳላነሳው ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ማዕዘን ብቻ ከፍ ሲል የበሩን ፍሬም ነው የሚያጣምመው።

መኪናዋ ተስተካክላም በሩ ካስቸገረ፣ ያኔ ማጠፊያውን እንጠርጥር። እማዬ ባትሪ ትያዝ። እርስዎ በሩን እኩሌታ ድረስ ከፍተው እጀታውን ይዘው በቀስታ ወደ ላይ ያንሱ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ያንሱ። በኃይል አይደለም፤ ሁለት ጣት የሚያህል ጉልበት ይበቃል። እማዬ ዓይኗን ከላይኛው ማጠፊያ አትንቀል። ክንፉ፣ ማለት በብሎን የታሰረው የማጠፊያው ጠፍጣፋ ብረት፣ ከግድግዳው ላይ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የብሎን ነው። ክንፉ እንደተጣበቀ ሆኖ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ካየች ግን ብረቱ ተበልቷል፤ ያኔ ማጠፊያው መለወጥ አለበት። እኔ በብሎኗ እወራረዳለሁ። የበር ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይጎትታል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ላይኛው ሲላላ የበሩ አፍንጫ፣ ማለት የቁልፉ በኩል፣ ይወርዳል። እርስዎ በጫማዎ ጫፍ የሚያነሱት ያንን ነው።

እንዲያ ከሆነ ሦስተኛዋን ብሎን ብቻ በእጅ ካቻቪቴ ይፍቷት። ሌሎቹን አይንኩ፤ በሩን ይዘው ይቆያሉ። ስትወጣ ጥርሶቿን በብርሃን ይዩልኝ፤ ከሁሉም ይህን ነው የምለምንዎ። የያዘችው ደረቅና ነጣ ያለ የእንጨት ዱቄት ከሆነ ደስ ይበለን። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ጭቃ የሚላቀቅ ከሆነ ግን ውሃ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያውንም በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ለስለስ ሊልዎ ይችላል። ያኔ ሁሉንም ይተዉና ይደውሉልኝ። የበሰበሰ እንጨት ላይ ብሎን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ውሃው የገባበት ተገኝቶ መታሸግ አለበት።

ደረቅ ከሆነ ሥራው የስቴኪኒ ነው። አይሳቁ፤ ስቴኪኒውን በእንጨት ኮላ ነክረው ቀዳዳው እስኪሞላ አንድ በአንድ ይጨምሩ፣ የመጨረሻውን በመዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት፣ የተረፈውን በምላጭ ከላይ ይቁረጡት። የክብሪት እንጨትም ይሆናል፣ ጭንቅላቱን አንስተው። ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ከብሎኗ ቀጠን ባለ መብሻ መሃሉን ይክፈቱላትና በእጅ ይመልሷት። ጭንቅላቷ ክንፉን ስትነካ ሩብ ዙር ብቻ ጨምረው ይቁሙ። ብሎኗን ወደ ቀዳዳው ከመመለስዎ በፊት ግን ጥርሷን የማይደርቀውን የቡታይል ማሸጊያ ትንሽ ይቀቧት፤ ያ ቀዳዳ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ ነው። «ረዘም ያለ ብሎን ብከትበትስ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እባክዎ ይቅርብዎ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ኮምፖርሳቶውን አልፋ በውስጥ በኩል ብቅ ልትል፣ ወይም የመብራት ሽቦ ልታገኝ ትችላለች።

ለጩኸቱ መጀመሪያ ጠረጋ ነው። የኔ ቅባት አቧራ ይዞ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ እሱ ራሱ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በጨርቅ ያስለቅቁት። የትኛው ማጠፊያ እንደሚጮኽ ካጠራጠረዎ ጣትዎን በየተራ ላያቸው ላይ አሳርፈው በሩን ያወዛውዙ፤ የሚጮኸው ከጣትዎ ሥር ይንዘረዘራል። ሁለቱም ዝም ካሉ ጩኸቱ የበሩ ዙሪያ ጎማ ነው። ከዚያ የሲሊኮን ወይም የሚደርቀውን የቴፍሎን ቅባት ፒኑ አናት ላይ ጥቂት ይጨምሩ፣ በሩን ሃያ ጊዜ ያህል ይክፈቱ ይዝጉ፣ የተረፈውን ይጥረጉ። ለጎማው ሲሊኮን ብቻ ነው፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። የምግብ ዘይትማ እንዳይሞክሩ፤ ውሎ አድሮ ይጣበቃል። የሚነፋ ቅባት ከሆነ ደግሞ ምድጃውንም በጋዝ የሚሠራውንም ፍሪጅ አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው ይንፉ። ፍሪጁ ከኋላው ነበልባል እንዳለው ይረሳል።

የውስጥ ካቢኔቶቹ አያስጨንቁዎ። ማጠፊያቸው ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ በአብዛኛው የፊተኛዋ በሩን ግራና ቀኝ ትወስደዋለች፣ የኋለኛዋ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። ግማሽ ዙር እያደረጉ እያዩ ነው። ከረጅም መንገድ በኋላ መላላታቸው ያለ ነው፤ የመኪና ንዝረት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ብረት ታችኛው ከንፈሩ ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጭረት አይቻለሁ። ሞረድ ነው አይደል? የብሎኗ ጥፋት የኔ ነው፣ ሞረዱ ግን የእርስዎ። ከእንግዲህ አይሞርዱት፤ በሩ ሲስተካከል ምላሱ ከፍ ስለሚል ቀዳዳው ይሰፋበትና መንገድ ላይ ይንኳኳል። ማጠፊያው ከተሠራ በኋላም ካልገጠመ ምላሱን ጠመኔ ቀብተው በሩን ይዝጉና የነካበትን ይዩ። ብረቱን ፈታ አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ፒን ማውጣት ወይም በሩን ማውረድ ካስፈለገ ግን ብቻዎን አይሞክሩት። መስኮት ያለው በር ከባድ ነው፤ ተንሸራታቿ ደረጃ ላይ መዶሻ ይዘው ቆመው ማሰቡ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔ እስክመጣ በሩን ሲከፍቱ ከውጭ ግድግዳው መያዣ ላይ ያጣብቁት፤ ንፋስ አንዴ ወርውሮ ቢያላጋው የማጠፊያውን ክንፍ ያጣምመዋል።

የኤሌክትሪክ ካቻቪቴዬን እናንተ ዘንድ ትቼዋለሁ፣ ከአልጋው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ። እዚያው ይቀመጥ፤ እኔም ስመጣ አልነካውም። ብሎኗን ሲፈቱ ደረቅ ነች ወይስ ጥቁር፣ በዚያው ሰዓት ደውለው ይንገሩኝ፤ ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ