ዋስትናው ቢያልቅም መብቱ አያልቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ለንደን ነው። አምና የእናቴ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በ14ኛው ወሩ ቀጥ አለ። ልብሱን ከነውሃው እንደያዘ፣ በሩም አልከፈት ብሎ። ሱቁ ሄደን ስንነግራቸው «ዋስትናው የአንድ ዓመት ነበር፣ ተጨማሪውን መግዛት ነበረባችሁ» አሉን። እናቴ አምናቸው ልትመለስ ነበር። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ እንዲህ አይልም። ዕቃው ጉድለት ካለበት ተጠያቂው ሻጩ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከሆነ መልሶ ገንዘብን መቀበል ይቻላል። እስከ 6 ወር ድረስ ጉድለቱ ሲሸጥ እንዳልነበረ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ከዚያ በኋላ ማስረጃ ማቅረብ የገዢው ተራ ይሆናል እንጂ መብቱ አይቀርም፤ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 6 ዓመት መክሰስ ይቻላል። እኛም ከሌላ ጠጋኝ የጽሑፍ ማስረጃ ይዘን ስንመለስ በነጻ ሠሩልን።

ተጨማሪ ዋስትና ጨርሶ አይጠቅምም አልልም። ስልክ ከእጅ አምልጦ ቢሰበር ሕጉ አይደርስም፤ የአደጋ ሽፋን ያለው ዋስትና ግን ይደርሳል። ለቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ዋስትና ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ካልተጠቀማችሁበት በ45 ቀን ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ። እባካችሁ ይህን ለወላጆቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን