ልጄን አትሸከሙልኝ፤ መግቢያዋን ሥሩላት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በግንባታ ሥራ ፎርማን ሆኜ የምተዳደር የኮተቤ ነዋሪ ነኝ። ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው፣ የሰውነት እንቅስቃሴን በሚያውክ የአንጎል ጉዳት ምክንያት በዊልቸር የምትንቀሳቀስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችኝ። የከተማችን ሰው ለልጄ ደግ ነው፤ ይህን አልክድም። የምጽፈው ግን ደግነቱ የመብቷን ቦታ ስለያዘባት ነው።

በቅርቡ የክፍል ጓደኛዋ ልደት በአንድ የልጆች መጫወቻ ቤት ተዘጋጅቶ ሄድን። ቤቱ የሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለ፤ ግን ተቆልፏል። ጥበቃው «የዕቃ ነው፤ ቁልፉ ያለው ሰው ዛሬ አልገባም» አለን። ሥራ አስኪያጇ ወርዳ አየችንና «ለራሷ ደኅንነት ብለን ነው፤ ደግሞም ሕፃናቱ ሊደነግጡ ይችላሉ» አለች። ሕፃናቱ የተባሉት በየቀኑ አብረዋት የሚማሩት፣ ዊልቸሯን እኔ ልግፋ እኔ ልግፋ እያሉ የሚሻሙት ናቸው! ይህን ስንነጋገር የሰሙ ሁለት ጎረምሶች ከመኪና እጥበቱ መጡና «አባት፣ ከነወንበሯ እናወጣታለን፤ ምን ችግር አለው» አሉ። ከልባቸው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ልጄ ግን እጅጌዬን ይዛ «አባዬ እንቢ በላቸው፤ ቀሚሴ ይገለባል» አለችኝ። ንግግሯ ዝግ ያለ ስለሆነ ለማያውቃት ሰው ቶሎ አይገባም፤ ከእኔ በቀር የሰማት አልነበረም። ስጦታውን ለጓደኛዋ እናት ሰጥተን ወደ ቤት ተመለስን።

ሴት ልጆቻችንን የማታውቁት ሰው እንዳይነካችሁ እያልን እናሳድጋለን። የእኔ ልጅ ግን በየደረጃው ሥር የማታውቀው ወንድ ብብቷ ሥር ገብቶ እንዲያነሳት ይጠበቅባታል፤ እንቢ ካለችም «ምን ሆነች?» ይባላል። ልጄ እያደገች ነው። ነገ ትከብዳለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ወጣት ሴት ትሆናለች። ያኔ ማን ሊሸከማት ነው?

ሕጉ ይህን ጉዳይ ለሰው ትከሻ አልተወውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚጠቀሙትም፣ መራመድ ችለው ደረጃ ለሚያቅታቸውም አመቺ መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲዘጋጅላቸው ደነገገ። አገራችን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታና በመዝናኛ እንዲሳተፉ መንግሥታት ማድረግ እንዳለባቸው በግልጽ ይናገራል። ጨዋታ ተብሎ ተጽፏል። ያ የተቆለፈ ሊፍት የዘጋው ይህንኑ ነው።

ስለ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር ስለሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ ላውራ። የተለመደው መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ ካለ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ራምፑም 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። በየሕንፃው በር የማየው ግን ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ላዩ የሚያንሸራትት ሴራሚክ የለበሰ ዳገት ነው። ዝናብ ሲዘንብ እኔ ራሴ በእግሬ አልወጣበትም። እሱም ከተገኘ የአበባ ማሰሮ ይደረደርበታል፣ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። በዲዛይን ላይ ቀድሞ ከታሰበበትና አርማታው ከሌላው ሥራ ጋር ከተሞላ ወጪው ከጠቅላላው ግንባታ አንጻር ትንሽ ነው። የሚወደደው ካለቀ በኋላ አፍርሶ መሥራቱ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለኛ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ዊልቸሯን ያለ ጭንቀት እገፋባቸዋለሁ። ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ግን ያው ደረጃ ይጠብቀናል።

ታክሲ ላይ ረዳቱ ለዊልቸሩ የአንድ ሰው ሂሳብ ይጠይቀኛል። ካፌ ስንገባ አስተናጋጇ እኔን እያየች «እሷ ምን ትጠጣ?» ትላለች፤ ልጄ ማኪያቶ እንደምትወድ ራሷ መናገር ትችላለች። መንገድ ላይ ደግሞ ሰዎች «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ጭኗ ላይ ብር ያስቀምጣሉ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ እንኳ። ብሩን አንስታ ትመልስላቸዋለች። አንዳንዱ ይቀየማል።

የመጠቀሚያ ፈቃድ የምትሰጡ የሕንፃ ሹም ቢሮዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ይዛችሁ ከዋናው በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሂዱ። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ሊፍቱ እንደሚሠራና ራምፑ እንዳልተዘጋ ተመልሳችሁ እዩ። ልጄን ለመሸከም የምትነሱ ወገኖቼ፣ ያን ጉልበታችሁን ኃላፊውን ለማስጠራት አውሉልኝ፤ ከጎኔ ቆማችሁ «ሊፍቱን ክፈቱ» በሉ። የልጆች ልደት የምትደግሱ ወላጆችም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በዊልቸር የሚመጣ ልጅ በየት እንደሚገባ ጠይቁ። መግቢያ የለም ካሏችሁ ቀብዱን አትክፈሉ፤ ለምን እንደተዋችሁትም ንገሯቸው።

አንድ አባት፣ ከኮተቤ