ለብሬል ወረቀት እጃችሁን ዘርጉልን

ወገኖቼ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው መምህሩ "ጻፉ" ሲል ነው። ወረቀት ያለቀበት ልጅ እጁን አጣጥፎ ይሰማል፤ ያስታወሰውን ያህል ይዞ ቤቱ ይገባል። ፈተና ሲደርስ የሚያነበው ደብተር የለውም።

ብሬል ዓይነ ስውራን በጣት እየዳሰሱ የሚያነቡት የነጥብ ጽሕፈት ነው። ወረቀቱ ነጥቡ ተነስቶ በጣት እንዲዳሰስ ወፍራም መሆን አለበት። ቶሎም ያልቃል። በአማርኛ ብሬል ከሳድሱ በስተቀር አንድ ፊደል ሁለት ቦታ ይይዛል፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። ቀጭን የምንለው መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል።

ልጆቹ የሚጽፉት በስሌት (ወረቀቱን የሚይዝ ባለቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቡን የሚወጉበት ሹል መውጊያ) ነው። ወረቀቱን ስሌቱ መሃል አስገብተው ነጥብ በነጥብ ይወጉታል፤ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ። ከዚያ ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነባሉ። ሲፈጥኑበት ብታዩ ትደነቃላችሁ! ስታይለስ ግን ትንሽ ዕቃ ነው፣ ይጠፋል። አንዱን ለሁለት የሚዋዋሱ አሉ።

"ስልክ ያነብላቸው የለ ወይ?" የሚሉን አሉ። ስልክ ይጠቅማል፣ እሰየው። ግን ሒሳብ በጆሮ ብቻ እንዴት ይሠራል? የቃል አጻጻፍና የአራት ነጥብ ቦታስ? ሉዊ ብሬል በ1824 እ.ኤ.አ. ይህን ጽሕፈት ሲፈጥር 15 ዓመቱ ነበር። ራሱ ዓይነ ስውር ተማሪ ስለነበር መስማት ብቻውን እንደማይበቃ በደንብ ያውቃል።

የምንለምናችሁ በመጀመሪያ ገንዘብ ነው። በቅድሚያ ወረቀት፣ ከተረፈ ስሌትና ስታይለስ እንገዛበታለን። ሃምሳ ብርም ብትሆን አትናቋት። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደርም አትጣሉ፤ ወፍራሙ ወረቀት ለጀማሪዎች መለማመጃ ይሆናል።

አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ የምትችሉ ደግሞ ጊዜያችሁን ስጡን። የመማሪያ መጻሕፍቱ ተተይበው ካልተዘጋጁ በብሬል ማተሚያ አይወጡም። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ለዓይነ ስውራን የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ ከፍቷል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። የጎደለው የሚተይብ ሰው ነው።

መርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። የገዛንበትን ደረሰኝ እዚሁ እንለጥፋለን። ካላንደር ያላችሁ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ስጡልን፣ እነሱ ያደርሱልናል።